የአባትን ፓርቲ መውረስ፦ መራጭ ድምፁን በምን ይወስናል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው አትላንታ አካባቢ ነው። ከዓመታት ጀምሮ አብሮኝ የሚሠራ፣ የጆርጂያ ተወላጅ የሆነ ነጭ ባልደረባ አለኝ። የፓርቲውን ዕጩ ሲያማ ይከርማል፤ የምርጫው ቀን ሲደርስ ግን ሄዶ ለዚያው ፓርቲ ድምፁን ይሰጣል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ‹እኛ ቤት ከጥንት ጀምሮ ሪፐብሊካን ነን› ብሎ ወሬውን ይዘጋል። እኔ ዜግነት ያገኘሁት በቅርቡ ነው፤ ልጄም ዘንድሮ 18 ዓመት ይሞላታል። ለመሆኑ ሰው የሚመርጠው አስቦ ነው ወይስ ከቤተሰቡ ወርሶ? ልጄስ ከእኔ ምን ትወርሳለች?»

ምላሽ፦ በቅድሚያ አጭሩን መልስ ላስቀምጥ። ፓርቲዎች ረጅም ዕድሜ ባስቆጠሩባቸው አገሮች አብዛኛው መራጭ ስለ ግብር፣ ስለ ጤና መድን ወይም ስለ ውጭ ጉዳይ አቋም ከመያዙ አስቀድሞ ፓርቲ ይይዛል፤ ፓርቲውንም ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ከወላጆቹ ቤት ነው። ሆኖም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው በዋናነት የፖሊሲ አቋም ሳይሆን «የእኛ ወገን የትኛው ነው?» ለሚለው ጥያቄ ቤተሰቡ የሰጠው መልስ ነው። ፓርቲው መርሐ ግብሩን ቢለውጥ እንኳ ይህ የወገንነት ስሜት እስካልተናጋ ድረስ መራጩ አብሮት ይቆያል፤ ስሜቱ ሲናጋ ደግሞ የመቶ ዓመት ታማኝነት በአንድና በሁለት ትውልድ ውስጥ ይፈርሳል። የባልደረባዎ የትውልድ አካባቢ ለሁለቱም ሁኔታዎች ማስረጃ ስለሚሰጠን በእርሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ይህ ጉዳይ በወጉ መጠናት የጀመረው በ1940 ዴሞክራቱ ፍራንክሊን ሩዝቬልትና ሪፐብሊካኑ ዌንደል ዊልኪ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ፣ የማኅበረሰብ ተመራማሪው ፖል ላዛርስፌልድና ባልደረቦቹ በኦሃዮ ግዛት ኢሪ በምትባል ካውንቲ ባካሄዱት ምርምር ነው ማለት ይቻላል። ተመራማሪዎቹ ወደዚያ የሄዱት ሬዲዮና ጋዜጣ የመራጩን ሐሳብ እንዴት እንደሚያስለውጡ ለማየት ነበር። ያንኑ ሰው ከግንቦት እስከ ኅዳር እየተመላለሱ ሲጠይቁት ግን ከአንዱ ዕጩ ወደ ሌላው የተሻገረው መራጭ እጅግ ጥቂት መሆኑን፣ የሚበዛውም ዘመቻው ገና ሳይጋጋል ወስኖ መጨረሱን፣ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ሰዎችም ባብዛኛው አንድ ዕጩ መምረጣቸውን አዩ። ሲያመነቱ የተገኙት በዋናነት ሃይማኖታቸው ወደ አንዱ፣ ኑሯቸው ወይም ወዳጆቻቸው ደግሞ ወደ ሌላው የሚስቧቸው ሰዎች ነበሩ።

በ1950ዎቹ ደግሞ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲዎቹ አንገስ ካምቤል፣ ፊሊፕ ኮንቨርስ፣ ዋረን ሚለርና ዶናልድ ስቶክስ ምርመራውን ወደ አገር አቀፍ ደረጃ አሳደጉት። በመጠይቃቸው ውስጥ ያካተቱት አንድ ጥያቄ እስከ ዛሬ ይጠየቃል፤ ይኸውም በጥቅሉ ሲታይ ራስዎን የሚቆጥሩት እንደ ሪፐብሊካን፣ እንደ ዴሞክራት፣ እንደ ገለልተኛ ወይስ እንደ ሌላ ነው የሚል ነው። ለማን ድምፅ ሰጡ እንደማይል ልብ ይበሉ። ጥያቄው ስለ ማንነት ነው፤ በዚያን ዘመን ከአራት አሜሪካውያን ሦስቱ ያህል ከሁለቱ ፓርቲዎች የአንዱን ስም በመጥራት ይመልሱለት ነበር። ማንነት የሆነ ፓርቲ ደግሞ ሰውየው ዜናውን የሚተረጉምበትን መንገድ ይወስናል። ለዚህም ከ2016ቱ ምርጫ በኋላ የታየው ጥሩ ምሳሌ ነው፤ የአገሪቱ ኢኮኖሚ ያው ሆኖ ሳለ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሪፐብሊካኖች ስለ ኢኮኖሚው ያላቸው ተስፋ ሲጨምር የዴሞክራቶቹ አሽቆልቁሏል። የባልደረባዎ ሐሜትም ከዚሁ ጋር አይጋጭም፤ የሚያማው ዕጩውን ነው፣ የራስን ወገን ማማት ደግሞ ከወገን መውጣት አይደለም።

ስለ ውርሱ ራሱ ይበልጥ የነገረን በ1965 ኬንት ጄኒንግስና ሪቻርድ ኒሚ የመጨረሻ ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ከነወላጆቻቸው የጠየቁበት ጥናት ነው። ዴሞክራት፣ ገለልተኛና ሪፐብሊካን በሚሉት ሦስት ሰፊ ምድቦች ሲታይ ከተማሪዎቹ 59 በመቶ ያህሉ ከወላጆቻቸው ጋር በአንድ ምድብ ውስጥ ተገኙ፤ መስመሩን ተሻግረው ወላጆቻቸው ከያዙት ተቃራኒ ወደሆነው ፓርቲ የገቡት 7 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ስለ አንዳንድ የወቅቱ ጉዳዮች ሲጠየቁ ግን የወላጅና የልጅ መልስ የሚገናኘው በጣም ደካማ በሆነ መጠን ነበር። እናትና አባት በፓርቲ ከተስማሙ፣ ስለ ፖለቲካ በቤት ውስጥ ከተነጋገሩና አቋማቸውም ከዓመት ዓመት ካልተዋዠቀ ውርሱ ይጠነክራል። ፖለቲካ በማይነሳበት ቤት ውርሱም ቀጭን ነው። እዚህ ላይ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ልጨምር፤ የኋላ ጥናቶች እንዳሳዩት ፖለቲካ እጅግ በሚወራበት ቤት ያደገ ልጅ የወላጁን ፓርቲ ቀድሞ ቢይዝም፣ ከቤት ወጥቶ ሌላ ዓለም ሲያይ በጉልምስና ዋዜማ የመተው ዕድሉም ከፍ ይላል፤ ጆሮው ለፖለቲካ ስለተከፈተ አዲሱንም ይሰማልና።

ነገሩን ወደ እኛ ቀረብ አድርጎ ለማየት የቤተሰብን የነፍስ አባት ማሰብ ይበቃል። ልጅ ካህናቱን አወዳድሮ አይመርጥም፤ ቤቱ የያዛቸው የነፍስ አባት የእርሱም ናቸው፣ ሌላ ለመያዝም ከበድ ያለ ምክንያት ያስፈልገዋል።

«መውረስ» ሲባል በደም የሚመስላቸው ስላሉ ይህንንም በአጭሩ ላንሳ። በ2005 ጆን አልፎርድ፣ ካሮሊን ፈንክና ጆን ሂቢንግ መንትዮችን በማነጻጸር ባቀረቡት ጥናት፣ ዘረመል በሰው ጠቅላላ የፖለቲካ ዝንባሌ ላይ ድርሻ እንዳለው ቢጠቁሙም የፓርቲ ስም ግን ባብዛኛው የአስተዳደግና የአካባቢ ውጤት ሆኖ አግኝተውታል። የፓርቲ ታማኝነት ከቤትና ከሠፈር የሚገኝ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ጆርጂያ እንምጣ። ከ1861 እስከ 1865 የተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ሲያበቃ የደቡቡ ነጭ ሪፐብሊካንን የሚያውቀው የሊንከን ፓርቲ፣ የአሸናፊው ጦር ፓርቲና ባርነትን የሻረ ፓርቲ አድርጎ ነበር። ስለዚህ ዴሞክራት ሆነ፤ ልጁም፣ የልጅ ልጁም እንዲሁ። ጥቁሮች በድምፅ መስጫ ግብር፣ በማንበብና መጻፍ ፈተና፣ ሲያስፈልግም በጉልበት ከምርጫ እንዲገለሉ ከተደረገ በኋላ በብዙ የደቡብ አካባቢዎች ተፎካካሪ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። ጆርጂያ እስከ 1964 ድረስ አንድም ሪፐብሊካን ለፕሬዚዳንትነት መርጣ አታውቅም ነበር። የዴሞክራት ፓርቲ ፖሊሲ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ዓይነት ሆኖ አልቆየም፤ ለሩዝቬልት ሰፊ የመንግሥት ጣልቃ ገብነት ድምፃቸውን የሰጡት ከእርሱ በፊት መንግሥት እጁን እንዲሰበስብ ይሹ ለነበሩ ዴሞክራቶች ድምፃቸውን የሰጡት ቤተሰቦች ናቸው።

ይህ ከድህነት ወይም ከኋላ ቀርነት የመጣ ልማድ አለመሆኑን የሚያሳየው በዚያው ደቡብ በተራራማው ክፍል የሆነው ነው። የምሥራቅ ቴነሲ ገበሬዎች ባሪያ የሚያሠሩት ጥቂቶች ስለነበሩ በሰኔ 1861 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከኅብረቱ መገንጠልን ተቃወሙ፤ በጦርነቱም ብዙዎቹ ከሰሜኑ ጋር ቆሙ። በዚያ የሚገኘው የቴነሲ አንደኛ የምርጫ ክልል ከ1881 ጀምሮ ወደ ኮንግረስ የሚልከው ሪፐብሊካን ብቻ ነው። በ1933 የዴሞክራቱ ሩዝቬልት መንግሥት የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣንን አቋቁሞ በአካባቢው ግድብ ሲገድብና መብራት ሲያስገባ፣ ጥቅሙን የሚያሰላ መራጭ ቢሆን ኖሮ ወደ ዴሞክራት መዞር በተገባው ነበር። የአንደኛው የምርጫ ክልል ሕዝብ መብራቱን አብርቶ የአያቱን ፓርቲ መምረጡን ቀጠለ። እኔ በበኩሌ ይህን ክልል ከማንኛውም የመጠይቅ ሠንጠረዥ የበለጠ አስተማሪ አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ ጦርነቱን ያየ ሰው ሁሉ ከሞተ በኋላ እንኳ ጦርነቱ የወሰነው ወገን አልሞተምና። በጆርጂያም በሰሜን ጫፍ ባሉት ተራሮች መካከል ፋኒን የምትባለው ካውንቲ ተመሳሳይ ታሪክ አላት።

የቀሪው ጆርጂያ ነጭ መራጭ ግን ዛሬ ባብዛኛው ሪፐብሊካን መሆኑን ያውቃሉ። እንዴት ዞረ? በ1948 ፕሬዚዳንት ትሩማን የጥቁሮችን መብት መደገፍ ሲጀምሩ የሳውዝ ካሮላይናው ዴሞክራት ስትሮም ተርመንድ ከፓርቲው አፈንግጦ ለፕሬዚዳንትነት በመወዳደር አራት የደቡብ ግዛቶችን አሸነፈ። በሐምሌ 1964 የዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የሲቪል መብቶች ሕግን ፈረሙ፤ በዚያው ዓመት ሕጉን በሴኔት የተቃወመው የሪፐብሊካን የፕሬዚዳንት ዕጩ ባሪ ጎልድወተር በአጠቃላይ ውጤት ክፉኛ ቢሸነፍም ጆርጂያን ጨምሮ አምስት የደቡብ ግዛቶችን ወሰደ፣ በሚሲሲፒም 87 በመቶ ድምፅ አገኘ። ከዚህ ቀን ጀምሮ ለብዙ የደቡብ ነጮች «የእኛ ወገን» የሚለው ስሜትና «የእኛ ፓርቲ» የሚለው ስም መለያየት ጀመሩ። የሃይማኖት ጉዳዮች፣ የከተማ ዳር ሠፈሮች መስፋፋትና ከሰሜን የመጡ አዳዲስ ነዋሪዎችም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ መነሻው ግን ይኸው ነው።

ሆኖም ፍጥነቱን ይመልከቱ። በ1976 የጆርጂያው ተወላጅ ዴሞክራት ጂሚ ካርተር በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ተገንጥለው የነበሩትን የደቡብ ግዛቶች ከቨርጂኒያ በቀር በሙሉ አሸነፈ። ሪፐብሊካኖች ከደቡብ የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች አብዛኛውን ያገኙት በ1994 ነው። ጆርጂያ ከድኅረ ጦርነቱ የመልሶ ግንባታ ዘመን ወዲህ የመጀመሪያውን ሪፐብሊካን አገረ ገዥ ሶኒ ፐርዱን የመረጠችው በ2002 ሲሆን፣ እርሱም ራሱ እስከ 1998 ድረስ ዴሞክራት ነበር። በፕሬዚዳንት ምርጫ ከተከፈተው ቀዳዳ እስከ አገረ ገዥው ጽሕፈት ቤት 38 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። በመካከሉ አንድ ሰው ለፕሬዚዳንት ሪፐብሊካን፣ ለአገረ ገዥና ለሸሪፍ ዴሞክራት እየመረጠ ለዓመታት ኖሯል፤ ራሱን ዴሞክራት ብሎ መጥራቱንም ሳይተው ብዙው ወደ መቃብር ወርዷል። ልጆቹ ግን ከአባታቸው የወረሱት ሲናገር የሚጠራውን ስም ሳይሆን ቴሌቪዥን ሲያይ የሚቆጣበትን ወገን ነበር።

እንግዲህ የባልደረባዎ ቤተሰብ ከፋኒን ወይም ከመሰል ተራራማ አካባቢ ካልሆነ በስተቀር አያቱ ዴሞክራት የመሆናቸው ዕድል እጅግ ሰፊ ነው። ይህን የምለው ዋሽቷል ለማለት አይደለም። ያንኑ ሰው በተለያዩ ዓመታት እየጠየቁ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ፓርቲ የለወጠ ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቀድሞ ፓርቲውን ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የአሁኑን ይናገራል። የቤተሰብም ትዝታ እንዲሁ ነው። ወገኑ ያልተለወጠ ሰው ፓርቲው ተለውጦ እንደነበር ቢረሳ አያስገርምም፤ በእርሱ ዓይን ከቦታው የተነሳ ሰው የለምና።

የጥቁር አሜሪካውያን ጉዞ የዚሁ ታሪክ ሌላ ገጽታ ነው። ከ1870 ጀምሮ የመምረጥ መብት ያገኙት ጥቁሮች የሊንከንን ፓርቲ ለሁለት ትውልድ ያህል አጥብቀው ይዘው ነበር፤ በ1936 በብዛት ወደ ሩዝቬልት ዞሩ፣ በ1964 ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጆንሰንን መረጡ። በእርስዎ ከተማ የሆነውን አንዱን ክፍል ብቻ ልጥቀስ። በጥቅምት 1960 ማርቲን ሉተር ኪንግ በአትላንታ ተይዞ በታሰረ ጊዜ የዴሞክራቱ የፕሬዚዳንት ዕጩ ጆን ኬኔዲ ለኪንግ ባለቤት ለኮሬታ ስልክ ደወለ። ዳዲ ኪንግ የሚባሉት የኪንግ አባት ፓስተር ነበሩ፤ የረጅም ጊዜ ሪፐብሊካን ሲሆኑ ኬኔዲንም ካቶሊክ በመሆኑ ላለመምረጥ ወስነው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ድምፃቸውን ለኬኔዲ እንደሚሰጡ በይፋ ተናገሩ። እንዲህ ያለው ንግግር ከአንድ የታወቀ ፓስተር አፍ ሲወጣ የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ አይሆንም። ተመራማሪዎቹ ኢስማኤል ኋይትና ክሪል ሌርድ እንደሚያስረዱት፣ ዛሬም በአመለካከታቸው ወግ አጥባቂ የሆኑ ብዙ ጥቁሮች ዴሞክራትን የሚመርጡበት ዋና ምክንያት በቤተ ክርስቲያን፣ በቤተ ዘመድና በሠፈር ውስጥ ያለው የእርስ በርስ መጠባበቅ ነው። ውርሱን የሚያጸናው የወላጅ ምክር ብቻ ሳይሆን ዕለት ዕለት የሚያዩት ሰው ጭምር ነው።

ከአሜሪካ ውጭ ለዚህ ጉዳይ ከአየርላንድ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በታኅሣሥ 1921 ከብሪታንያ ጋር የተፈረመውን ስምምነት የአየርላንድ ምክር ቤት በ64 ለ57 ድምፅ ሲያጸድቅ አገሩ ለሁለት ተከፍሎ እስከ 1923 ተዋጋ። ስምምነቱን ከተቃወመው ወገን በ1926 በኤመን ዴ ቫሌራ መሪነት ፊያና ፎይል ተወለደ፤ ከደገፈው ወገን ደግሞ በ1933 ፊነ ጌል ተመሠረተ። ጥቂት አሥርተ ዓመታት ካለፉ በኋላ በኢኮኖሚ ፖሊሲ ሁለቱን ፓርቲዎች የሚለያቸውን ማስረዳት ለራሳቸው አባላትም አስቸጋሪ ነበር፤ በየመንደሩ ግን የማን ቤት የየትኛው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የምክር ቤት መቀመጫ እንኳ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር፤ ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት የፊነ ጌሉ ኤንዳ ኬኒ በ1975፣ የፊያና ፎይሉ ብራያን ካወን በ1984 ወደ ምክር ቤት የገቡት ሁለቱም በሞቱ አባቶቻቸው መቀመጫ በተደረገ ማሟያ ምርጫ ነው። ይህን ሁሉ የነቀነቀው ገንዘብ ነው። ባንኮች ከወደቁና አገሪቱ በ2010 መጨረሻ ከአውሮፓ ኅብረትና ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የማዳኛ ብድር ከወሰደች በኋላ፣ በ2007 41.6 በመቶ ድምፅ ያገኘው ፊያና ፎይል በ2011 ወደ 17.4 በመቶ ወረደ። በ2020 ደግሞ ሁለቱ የእርስ በርስ ጦርነት ፓርቲዎች አብረው መንግሥት መሠረቱ። የፖሊሲ መመሳሰል ለአሥርተ ዓመታት ያላቀራረባቸውን፣ ለጦርነቱ ባዕድ የሆነ አዲስ ትውልድ ድምፁን ወደ ሌሎች ፓርቲዎች ሲወስድ ተቀራረቡ።

እንዲህ ከሆነ መራጭ አያስብም ማለት ነው? እኔ እንደዚያ አልልም። የኢኮኖሚ ተመራማሪው አንቶኒ ዳውንስ በ1957 እንዳመለከተው የአንድ ሰው ድምፅ ውጤቱን የመወሰን ዕድሉ ኢምንት ሆኖ ሳለ የእያንዳንዱን ዕጩ ሰነድ ማጥናት ብዙ ጊዜ ይፈጃል፤ የፓርቲ ስም ይህን ድካም ያስቀራል። የፖለቲካ ተመራማሪው ሞሪስ ፊዮሪና ደግሞ የፓርቲ ታማኝነት መንግሥታት ሲሠሩና ሲያጠፉ መራጩ በልቡ የሚይዘው ሒሳብ ድምር ነው ይላል። ሒሳቡ መኖሩን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን መነሻው ከዜሮ አይደለም፣ ወላጆች ያስቀመጡት ቀሪ ሒሳብ አለበት፣ ብዙ ሰዎችም ዕድሜ ልካቸውን ያንን የሚሽር ገቢም ሆነ ወጪ አያገኙም። በተጨማሪ ባለፉት አሥርተ ዓመታት ውርሱ በጥላቻ ተጠናክሯል። በ1960 ልጃቸው የሌላውን ፓርቲ ሰው ቢያገባ ቅር እንደሚላቸው የተናገሩት አሜሪካውያን 5 በመቶ ያህል ነበሩ፤ በ2010 ግን ከሪፐብሊካኖች ግማሽ ያህሉ፣ ከዴሞክራቶችም ሲሶ ያህሉ እንደዚያ ብለዋል። የራሱን ዕጩ የማይወድ ባልደረባዎ ሌላውን ወገን የበለጠ የማይወድ ከሆነ ድምፁ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ቢለወጥ እንኳ በመጀመሪያ የሚያደርገው ከቤት መቅረት ነው እንጂ መሻገር አይደለም።

ስለ ልጅዎ የጠየቁት ለእኔ ይበልጥ አስደሳቹ ጥያቄ ነው፤ የእርስዎ ቤት በአሜሪካ ፓርቲዎች ረገድ የሚወረስ ነገር ገና አላጠራቀመምና። ተመራማሪዎቹ ዞልታን ሃይናልና ቴኩ ሊ እንዳሳዩት ብዙ ስደተኞች «የየትኛው ፓርቲ ነዎት?» ሲባሉ ገለልተኛ ነኝ እንኳ አይሉም፤ ጥያቄው ራሱ ለእነርሱ እንዳልቀረበ ያህል ያልፉታል። ድምፃቸው ስለዚህ በቀላሉ ይንቀሳቀሳል፤ በ2021 በቨርጂኒያ የአገረ ገዥ ምርጫ ወቅት የባይደን አስተዳደር በኢትዮጵያ ጦርነት ላይ የያዘውን አቋም በመቃወም አንዳንድ የትውልደ ኢትዮጵያውያን ስብስቦች ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ድምፅ እንዲሰጥ መቀስቀሳቸውን ያስታውሳሉ። ሥር የሰደደ የፓርቲ ውርስ ባለበት ማኅበረሰብ እንዲህ ያለው ጥሪ እምብዛም ሰሚ አያገኝም። በስደተኛ ቤት ደግሞ ትምህርቱ ብዙ ጊዜ ወደ ላይ ይሄዳል፤ በትምህርት ቤት ስለ ሴኔትና ስለ ኮንግረስ የተማረችው ልጅ ለወላጆቿ የምርጫ ወረቀቱን የምታስረዳ እርሷ ናት።

ልጅዎ ከእርስዎ የምትወርሰው እንግዲህ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛው እርስዎ «እኛ» ሲሉ የሚያጠቃልሉት ማንን እንደሆነ ነው፤ የአገር ልጆችን ይሁን፣ ሁሉንም ስደተኛ፣ ጥቁር ሕዝብን በሙሉ ወይስ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ማኅበራችሁን። ፓርቲውን ከዚያ ተነስታ ራሷ ትደርስበታለች፣ ምናልባትም ከእርስዎ የተለየ ይሆናል። ሁለተኛው መምረጥ ራሱ ነው። ድምፅ የሚሰጥ ወላጅ ያለው ልጅ ድምፅ የመስጠት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ አንድ ጊዜ የመረጠም ሰው በሚቀጥለው የመምረጥ ዕድሉ ይጨምራል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ምርጫ ቢቻል አብራችሁ የምትሄዱበት ቢሆን መልካም ነው። በጆርጂያ ለመራጭነት ለመመዝገብ 17 ዓመት ከመንፈቅ ይበቃል፣ ድምፅ ለመስጠት ግን በምርጫው ቀን 18 መሙላት አለባት። በግዛቲቱ ምዝገባ ላይ የፓርቲ ስም አይሞላም፤ ፓርቲዎቹ ዕጩዎቻቸውን በሚለዩበት በቅድመ ምርጫ ወቅት የትኛውን ፓርቲ ወረቀት እንደምትወስድ ትጠየቃለች፣ በሚቀጥለው ቅድመ ምርጫ ደግሞ የሌላውን ብትወስድ የሚከለክላት የለም።